ሐሮማያ፣ የት ከረምሽ?

ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል። ክርስቲያኑ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ያወጣል፤ ጎረቤት ምንጣፉን ተሸክሞ ይመጣል፣ አልቃሽ የሟችን ሙያ እየጠራች ታስለቅሳለች። ላንቺ ግን ሐሮማያ፣ ማን ድንኳን ጣለልሽ? ማን ሙያሽን ጠራ? በአንድ ሌሊት አልሞትሽምና ለቀስተኛው መቼ እንደሚመጣ ግራ ገባው። በየዓመቱ ከዳርሽ ትንሽ ትንሽ እየለቀቅሽ፣ ከመንገዱ እየራቅሽ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያልፈው መኪና መስኮት ውስጥ እየጠበብሽ ሄድሽ። ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ ያይሽና “ዘንድሮስ ቀንሳለች” ይላል፤ ከጎኑ ያለው “ክረምት ሲገባ ትሞላለች” ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያ ወሬው ወደ ስኳር ዋጋ ይዞራል። እንዲህ እያልን ነው የሸኘንሽ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ዘወር ብለን ስናይ አልነበርሽም።

እንግዲህ ዛሬ ሙያሽን ልጥራ። ዘግይቻለሁ፤ ግን ለቅሶ ይደረሳል እንጂ ዘገየ ተብሎ አይቀርም።

ትልቅ አልነበርሽም። ጣና አጠገብ ብትቀመጪ ኩሬ ይሉሽ ነበር። ነገር ግን ከድሬዳዋ ወበቅ የወጣ መንገደኛ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደጋው ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚቀበለው ነፋስሽ ነበር፤ ቀጥሎ አንቺ። የአንገቱ ላብ ሳይደርቅ ዓይኑ ውሃ ይጠጣል። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አለማያ ነው የሚሉሽ፤ ልማድ ሆኖባቸው አይተዉትም። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኮረብታ ተከበሽ፣ ታናሽ እህትሽን አደሌን ጎረቤት አድርገሽ ተቀምጠሽ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ትበቂ ነበር። ከብት ይጠጣብሻል፣ ሴቶች ልብስ ያጥቡብሻል፣ ዓሣ ይወጣብሻል፣ የውሃ ወፍ ያርፍብሻል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ፎርፎ ይዋኝብሻል። ሐረርን የሚያህል ከተማም በቧንቧ ስቦ ካንቺ ይጠጣ ነበር። ጀጎል አምስት በር አለው ይባላል፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር። ስድስተኛው በር አንቺ ነበርሽ፤ ግንቡን ሳትነኪ በየቤቱ የምትገቢ።

ከሆድሽ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ አልነበረሽም። የዙሪያሽ ኮረብቶች የሰጡሽን ሁሉ ተቀብለሽ ትይዣለሽ፤ ዝናቡንም አፈሩንም። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ የወደቀብሽ ትችይው ነበር።

ማን ጠጣሽ? ገዳይሽን ልቁጠር ብዬ ብነሣ ጣቴ አለቀብኝ። ከተማው ጠጣሽ፤ የሐረር ሕዝብ በዛ፣ የሐሮማያና የአወዳይ ሕዝብ በዛ፣ ሁሉም ቱቦውን ዘረጋ። ፀሐይ ጠጣችሽ፤ ስፋት እንጂ ጥልቀት አልነበረሽምና በጋው በረዘመ ቁጥር ዕዳው ባንቺ ላይ ይቆጠር ነበር። ኮረብታው ቀበረሽ፤ ዛፉ ተመንጥሮ ያለቀበት ገላጣ ኮረብታ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን እያንሸራተተ ሆድሽ ውስጥ አራገፈው። ከታች ደለል ከፍ አደረገሽ፣ ከላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ዝቅ አደረገሽ፤ በመካከሉ የቀረሽው ቀጭን ውሃ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሆነ።

ያላየሽ አልነበረም፤ አይተውሻል። የሐይቆች ተመራማሪው ብሩክ ለማ በ2003 እ.ኤ.አ. አንቺንና ከቢሾፍቱ ወዲያ ያለውን ሆራ ቂሎሌን አንድ ላይ የሚያጠና ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ሆራ ቂሎሌ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገብቶበት ጠባዩ የተለወጠ ሐይቅ ነው፤ አንቺ ደግሞ ያለሽን ተጠልፈሽ የተለወጥሽ። እሱ ላይ ሰው ጨመረ፣ ካንቺ ላይ ሰው ቀነሰ፤ ሁለታችሁም እንደ ነበራችሁ አልቀራችሁም። ጽሑፉ ሲወጣ አንቺ ጣር ላይ ነበርሽ። ሐኪሙ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ መድኃኒቱን የሚገዛ ነው የጠፋው።

የጫቱን ነገር ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆየሁት። ጫትን መስደብ ቀላል ነው፣ እኔ አልሰድበውም። አንድ ገበሬ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ቁራጭ መሬት ማሽላ ብትዘራበት ቤተሰቡን እስከ መጋቢት አታደርስም። ጫት ሲሆን ግን ቅጠሉ በየወቅቱ ይለቀማል። ደግሞም የጫት ዋጋ የሚሰቀለው በበጋ ነው፤ ሁሉ ቦታ ደርቆ ቅጠል ሲጠፋ፣ ውሃ ያጠጣ ሰው ብቻ ቀንበጥ ይዞ አወዳይ ገበያ ይገባል። ያ ቀንበጥ በዚያው ቀን አይሱዙ ላይ ተጭኖ እየበረረ ወደ ሶማሌ ምድርና ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። በዚያ ገንዘብ ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ልጁ ደብተር ይገዛል። እንዲህ ያለውን ሰው “አታጠጣ” የሚለው ማነው? ያለው የለም። ሞተሩን ገዛ፣ ዳርሽ ላይ ተከለው፣ ገመዱን ሳበው።

ከዚያ ማሳደዱ ተጀመረ። ውሃሽ አንድ እርምጃ ሲሸሽ ሞተሩ አንድ እርምጃ ይከተላል። ሁለት ሰው በእንጨት ተሸክሞት፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ተራግሞም እየሳቀም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የመሳቢያውን አፍ ጭቃ እንዳይውጥ በማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀልሉታል፣ ከረጢቱን በድንጋይ ያስጨንቁታል። ቱቦ ይቀጠላል፤ ቀይ ቱቦ ከሰማያዊ፣ ሰማያዊ ከጥቁር፣ መጋጠሚያው ከመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ በወጣ ላስቲክ ይታሰራል። ቱቦው ሲያጥር ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ሲደርቅ አልጋሽ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ዘንድሮ ይህን ያህል ክንድ፣ ከርሞ ከዚያ በላይ። ከላይ ጨርሰውሽ ከሥር መጡብሽ። ማታ ማታ የሞተሮቹ ድምፅ ሲያጓራ ጩኸቱ አንቺ የምትቃትቺ ይመስል ነበር።

ሐሮማያ ብዬ ብጠራሽ በስምሽ፣
አቧራ አቤት አለኝ ተቀምጦ ካልጋሽ።

እኛስ? እኛ ከተሜዎቹ በርጫ ላይ ነበርን። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ዕጣኑ ተጫጭሶ፣ ሃይላንድ ውሃው በየጎናችን ቆሞ፣ ዙርባው ተፈትቶ። ደህና ደህናው ቅጠል እየተመረጠ ስለ ሐይቁ መድረቅ እናወራለን። “መንግሥት ምን ይሠራል?” ይላል አንዱ፤ ቀንበጡን ይቀነጥሳል። “ገበሬውን ማስተማር ነው” ይላል ሌላው፤ ጉንጩን ሞልቶ። ምርቃና ሲመጣ ኮሚቴ እናቋቁማለን፣ ደለሉን እንዝቃለን፣ ኮረብታውን በዛፍ እናለብሳለን። በምርቃና ስንት ጊዜ ሞላንሽ! ነገ ጠዋት ገራባውን ጠርገን ስንጥል ኮሚቴውንም አብረን እንጥለዋለን። የጠጣሽን ቅጠል እያኘክን ነበር ያለቀስንልሽ፤ ይህን ሙሾ አውራጅ ብትሰማው ኖሮ ከድንኳኑ ታስወጣን ነበር።

ከዚያ ሐረር ተጠማች። መጀመሪያ ውሃ በፈረቃ ሆነ፤ ኋላ ፈረቃው ራሱ ፈረቃ ገባ። ሰው ማታ ሲተኛ ቧንቧውን እንደተከፈተ ይተወዋል፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ሳፋ ያደርጋል። ከመጣች ሳፋው ይናገራል። በእኩለ ሌሊት መጀመሪያ የሚሰማው ፉጨት ነው፤ አየሩ ነው የሚወጣው። ቀጥሎ ቧንቧው ሁለት ሦስት ጊዜ ይስላል። ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ነገር ይተፋል። ከዚያ ነው ጠብ የሚለው፤ ሳፋው ላይ። “መጣች! መጣች!” ግቢው በሙሉ ይነሣል። ሕፃን ሳይቀር ዓይኑን እያሸ ጆግ ይዞ ይሰለፋል። ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ድስቱ፣ ባልዲው ይሞላል፤ ሁሉ ሞልቶ ካለቀ በኋላ አንዷ ሴትዮ የቡና ሲኒዎቿን ደርድራ መሙላት እንደጀመረች ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ማንም አልሳቀም። ገብቷቸዋል።

የውሃን ሥርዓት ማየት የፈለገ ያን ጊዜ የሐረር እናቶች ቤት መግባት ነበረበት። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ዕቃ ያለቀልቃል፤ ዕቃ ያለቀለቀው ወለል ያብሳል፤ ወለል ያበሰው ሽንት ቤት ይደፋል። አንዲት ጣሳ ውሃ አራት ሥራ ሠርታ ነበር የምትሰናበተው። ለውዱእ የተቀመጠችውን ማንቆርቆሪያ ግን የሚነካ የለም፤ ቢጠማም አይነካትም። ቧንቧው ሳምንት ዝም ካለ ባለአህያው ይመጣል፤ አራት ቢጫ ጀሪካን ጭኖ፣ እያንዳንዱ 20 ሊትር። ከየት ቀድቶ እንዳመጣው አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም “ከምንጭ” ይላል። ያለው ሰው ያፈላዋል፣ ወይ ውሃ አጋር ጠብ ያደርግበታል። የሌለው እንዳለ ይጠጣል። አተት መጣ ሲባል ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ተብሎ በሬዲዮ ይነገራል። በምኑ?

አንድ ነገር ይቆጨኛል ሐሮማያ፤ ለብቻው የሚቆጨኝ። ደጃፍሽ ላይ የተማረ ሰው አላጣሽም። ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ ተቋቁሞ በ1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የተመረቀው የእርሻ ኮሌጅ፣ ዛሬ ባንቺ ስም የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ ጎረቤትሽ ነው። የአፈርና የውሃ ምሕንድስና የሚያስተምር ቤት ነው። ስለ መስኖ፣ ስለ ደለል፣ ስለ ተፋሰስ ስንቱ ተመረቀ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ስንቱ ባንቺ ላይ ጻፈ። ውሃሽ ከወረቀቱ ቀድሞ አለቀ። የተማረ ሰው ጥፋት ነው አልልም፤ ያወቀው አልነበረምና የሞተሩ ባለቤት፣ ያወቀው አልነበረምና የከተማው ከንቲባ። ዕውቀት አንድ ቤት፣ ሥልጣን ሌላ ቤት፣ ጥማት በየቤቱ ነበር።

ኒው ዮርክ ላይ ስለ ውሃ ድምፅ የተሰጠበትን ቀን አልረሳውም። ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ አንቺ ከጠፋሽ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖሻል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት ነው የሚል ውሳኔ አሳለፈ። 122 አገሮች ደገፉ። የተቃወመ የለም። 41 አገሮች ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ፤ ኢትዮጵያም ከ41ዱ አንዷ ነበረች። ለምን እንደታቀብን ዲፕሎማቶች ያስረዱን ይሆናል። እኔ በበኩሌ ምናልባት እጃችን ጀሪካን ይዞ ስለነበር ይሆናል ያልተነሣው እላለሁ።

የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረበችው ቦሊቪያ ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የራሷ ሁለተኛው ትልቅ ሐይቅ ፑፖ ደረቀ። ዳሩ ላይ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት የኡሩ ሰዎች ጀልባቸውን ደረቅ ምድር ላይ ትተው እንጀራ ፍለጋ ሄዱ። ከዚያ በፊት ደግሞ አራል። በዓለም ካሉት ሐይቆች በስፋት አራተኛ የነበረ፣ ባሕር ተብሎ የሚጠራ፣ ሁለት ትልልቅ ወንዝ የሚገባበት፤ ሶቪየቶች ወንዞቹን ወደ ጥጥ እርሻ መለሱበትና የኡዝቤኪስታን ወደብ ሞይናቅ ከነመርከቧ አሸዋ ላይ ቀረች። አራልን ጥጥ ጠጣው፣ አንቺን ጫት። አልተዋወቃችሁም እንጂ የአንድ ለቅሶ ቤት ልጆች ናችሁ። የአንዱ ሸሚዝ፣ የሌላው ምርቃና።

ቆጣሪዎቹ የሚሉትንም ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መረጃ መሠረት በ2024 እ.ኤ.አ. 2.1 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ የመጠጥ ውሃ ቤቱ አይደርስም ነበር። ግቢው ውስጥ ውሃ ከሌለው አሥር ቤት በሰባቱ ቀጂዋ ሴት ናት፤ እናት ወይም ልጅ። ቁጥሩ ሲነገር ይከብዳል፤ ጀሪካኑ ግን ከቁጥሩ ይብሳል፤ ጀርባ ላይ ነው ያለው። 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ሌላ ነው።

ባንቺ ቦታ ሌላ መጣልን፤ ሙሉውን ልንገርሽ። ከድሬዳዋ በኩል ባለው ቆላ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ አበደረ፤ ቧንቧ ተቀበረ፤ ውሃ ዳገት መውጣት ጀመረ። ድሮ እኛ ነበርን ከሙቀት ሸሽተን የደንገጎን ዳገት የምንወጣው፤ አሁን ውሃው በሞተር እየተገፋ፣ ከጣቢያ ጣቢያ እያረፈ ይወጣዋል። ባንቺ በር በኩል አልፎ ነው ሐረር የሚደርሰው። መብራት ሲጠፋ ግን ባለበት ይቀራል። አንቺ መብራት አትጠይቂም ነበር። ጉድጓድ ደግሞ አይታይም፤ አንቺ ስትቀንሺ ቢያንስ ከመኪና መስኮት እናይሽ ነበር፤ ያኛው ከምድር በታች ሲቀንስ ማን አንገቱን ያሰግጋል? “ዘንድሮስ ቀንሳለች” የሚልለት መንገደኛ እንኳ የለውም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ መጣች አሉኝ። አንቺን ነው። መጀመሪያ አላመንኩም። ክረምቱ ደግ ሆነ፣ ኮረብታው ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ጎርፉ ረጋ አለ፣ አልጋሽ ውሃ አቆረ። የተፋሰስ ሥራው ነው ያመጣት የሚል አለ፣ አላህ ነው የሚል አለ፣ ዝናቡ ነው እንጂ ምን ተሠራና የሚልም አለ። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። የመጣ እንግዳ “በምን መጣህ?” ተብሎ በር ላይ አይመረመርም። እንደ ድሮሽ ባትሆኚም፣ ጥልቀትሽ ቢያንስም፣ ወፎቹ ካንቺ ቀድመው ሰምተው ነው መሰል ተመልሰዋል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ጎረምሳ ሐይቅ የሚባለውን በአያቱ አፍ ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን ዳርሽ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ይነሣል።

የት ከረምሽ? ደመና ሆነሽ በማን ሰፈር ዞርሽ? እኔ ሳይሽ ደስታዬ ሙሉ አይሆንልኝም፤ የጠፋ ሰው ሲመጣ ሻንጣውን እንደሚያይ ሰው ዓይኔ ዳርሽ ላይ ነው፤ ቱቦ አለ ወይ እላለሁ። ሐረር ዛሬም ይጠማል። አወዳይ ዛሬም በበጋ ቀንበጥ ይፈልጋል። በርጫውም አልተፈታም። ያን ጊዜ የነበረው ጥማት አንድም አልጎደለ፤ ሰው ግን ጨምሯል።

ደግሞም ሐሮማያ፣ በሌለሽበት ዘመን አልጋሽን አርሰውታል። ድንች ተተክሎበታል፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጫት። አባት ለልጁ ድንበር ከፍሎ ሰጥቶበታል። ስትመለሺ የዚያ ሰው ማሳ ውሃ ውስጥ ገባ። እኛ “እንኳን መጣሽ” ስንልሽ እሱ ዳር ቆሞ የሰጠመውን መደብ በዓይኑ ይለካል። ክፉ ሰው አይደለም። መሬት አልነበረውም፣ ባዶ አልጋ አገኘ፣ አረሰ። አሁን ሞተሩን አውጥቶ ያንቺን ውሃ ስቦ መሬቱን ላድን ቢል ሚስቱ አትከለክለውም፤ እኔም በምን አፌ እከለክለዋለሁ? ቀበሌው ተነሣ ይለዋል፣ ወዴት እንደሚነሣ ግን አይነግረውም። አንቺ ትመጫለሽ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ትቆያለሽ ብሎ የሚነግረውስ ማነው?